ቀጭኔዋ አንገቷን ቀና እንድታደርግ

ልደት ቤት ገብተን ኬኩ አናት ላይ የተቀመጠውን ምስል ስናይ ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው «የማን እጅ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። አንበሳ ይሁን ልዕልት፣ ኳስ ተጫዋች ይሁን አውሮፕላን፣ ምስጋናው ሁሉ ለእጅ ይሄዳል። እኔ ግን ዛሬ በሌላ ነገር ላሳምናችሁ ነው የተነሳሁት። ከስኳር ምስል መሥራት ከእጅ ጥበብ በፊት የውሃ ጉዳይ ነው። ውሃው የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነና መቼ እንደሚወጣ የገባው ሰው፣ እጁ ያን ያህል ባይሰላም የሚቆም ምስል ይሠራል። ያልገባው ደግሞ ቅዳሜ ማታ አስውቦ የተኛባትን ልዕልት እሑድ ሻማ ሲለኮስ አጎንብሳ ያገኛታል።

ለማሳያ ቀላሉን ትተን ከባዱን እንያዝ፤ ቀጭኔ እንሥራ። ቀጭኔን የመረጥኩት እንዲሁ አይደለም። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ በፈጠሯት፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ባየናት ቀጭኔ ፊደልና ቁጥር የተማረው ልጅ ብዙ ነው፤ የልደቱ ቲም ቀጭኔ ይሁንልኝ የሚል ልጅ አይጠፋም። ለሠሪው ግን ቀጭኔ ክፉ እንስሳ ናት። እግሯ ቀጭን፣ አንገቷ ረጅም፣ ራሷ ደግሞ ከአንገቷ ጫፍ ላይ፤ ክብደቷ ሁሉ መሆን የሌለበት ቦታ ነው ያለው። እሷን ቀና አድርጎ ያቆመ ሰው ዝሆንና ጉማሬ አያቅቱትም።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቅ። ኬክ ቤቶች ለመሸፈኛም ለምስልም የሚጠቀሙበት ፎንዳንት በመሠረቱ የላመ የዱቄት ስኳር ነው። ቤት ውስጥ ልሥራ ለሚል ሰው ወደ 900 ግራም የዱቄት ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጄላቲን በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ግሉኮስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪን፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚረጋ የአትክልት ስብ ይበቃል። ጄላቲኑ በቀዝቃዛው ውሃ ይርሳል፣ እንፋሎት ላይ ይቀልጣል፣ ግሉኮሱ፣ ግሊሰሪኑና ስቡ ይገቡበታል፤ ከዚያ ስኳሩ ውስጥ ተጨምሮ እስኪለሰልስ ይታሻል። ውሃዋን ልብ በሉ! አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ስኳር 60 ሚሊ ሊትር ብቻ። ያችን ጥቂት ውሃ ለመቆጣጠር ነው የቀረው ሁሉ የተሰለፈው። ግሉኮሱ ስኳሩ እንደገና ጠጥሮ አሸዋ እንዳይሆን ያግደዋል። ግሊሰሪኑ ውሃውን ይዞ አልለቅም ይላል። ጄላቲኑ መረብ ይሠራና እንዲለጠጥ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ይህ ሊጥ የተቀመመው ኬክ ላይ ተነጥፎ ለቀናት ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ምስል ሠሪ የሚፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን፣ ቶሎ ደርቆ ቀጥ የሚል ነገር ነው። ስለዚህ ተራ ፎንዳንት ወስዳችሁ አንገት ብታቆሙ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ሲያዘነብል ታያላችሁ።

መፍትሔው ሲኤምሲ የሚባል ነጭ ዱቄት ነው፤ የኬክ ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ታይሎስ በሚል ስምም ተመሳሳዩ ይገኛል። የሚሠራው ሴሉሎስ ከተባለው የዕፅዋት ቃጫ ነው፤ አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ውስጥም ይገባል። ለ250 ግራም ፎንዳንት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨምራችሁ አሽታችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቢቻል አሳድሩት። ዱቄቱ ሊጡ ውስጥ ያለውን ውሃ ጠጥቶ ያብጥና በስኳሩ ቅንጣቶች መካከል ይጠላለፋል። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፣ ጭድ የገባበት ግን ተያይዞ ይቆማል። ይብዛ ብሎ ሁለት ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ግን ሳይጨርስ እጁ ላይ ይደርቅበታል።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ሲኤምሲ ከመምጣቱ በፊት ሥራውን የሚሠራው በኢራንና በቱርክ ደጋዎች ከሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ የሚወጣ ትራጋካንት የተባለ ሙጫ ነበር። በ1555 ቬኒስ ውስጥ አሌሲዮ ፒየሞንቴዜ በሚል ስም የታተመ የምስጢራት መጽሐፍ፣ በዚህ ሙጫ ከስኳር ሳህንና ብርጭቆ ሠርቶ ማዕዱ ሲያበቃ እነሱንም መብላት እንደሚቻል ያስተምራል። በ1574 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ቬኒስን ሲጎበኝ ከስኳር የተሠራ ማዕድ ቀርቦለት ነበር፤ ጨርቅ መስሎት ያነሳው ፎጣ እጁ ላይ ተሰበረ ይባላል። ከዚያም አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በ1040ዎቹ መጨረሻ ካይሮ የነበረው ፋርሳዊ መንገደኛ ናሲር ኹስራው፣ በሱልጣኑ ግብዣ ላይ ቅጠሉም ፍሬውም ከስኳር የተሠራ ዛፍ ማየቱን ጽፏል። እንግዲህ ከስኳር ምስል መሥራት መጀመሪያ የቤተ መንግሥት ወግ ነበር ማለት ነው፤ ወደ ልጆች ልደት የወረደው ስኳር ከረከሰ በኋላ ነው።

ስለ ጄላቲን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እንግዶቻችሁ ይታዘቡኛል። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው፤ ከበሬም ከአሳማም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙስሊም እንግዳ ካለ ማሸጊያው ላይ ሐላል መሆኑ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። ልደቱ ሁዳዴ ውስጥ ከዋለ ደግሞ ኬኩ የጾም ሆኖ ምስሉ የፍስክ እንዳይሆን! በተክል ሙጫ ብቻ የተሠራ ፎንዳንት አለ፤ ማሸጊያውን አንብቡ። ማርሽማሎውም በአብዛኛው ጄላቲን እንዳለበት አትርሱ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ቀጭኔዋ። ሊጡን ከመንካታችሁ በፊት ወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠኗ ሳሏት። ይህን የምለው ለውበት ብዬ ሳይሆን ለክብደት ነው። ስድስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ድፍን የፎንዳንት ኳስ ወደ 150 ግራም ትመዝናለች። ስፋቷን እጥፍ አድርጋችሁ 12 ሳንቲ ሜትር ብታደርጓት ክብደቷ እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ 1.2 ኪሎ ገደማ! የሚሸከማት እግር ግን ወፍራምነቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ትልቅ እንስሳ እንደ ትንሽ እንስሳ ቀጭን አጥንት ሊኖረው የማይችለው ለምን እንደሆነ ያስረዳው በዚሁ ስሌት ነው። ስለዚህ ትልቅ ምስል ለሚፈልግ ደንበኛ መልሱ ብዙ ፎንዳንት አይደለም፤ ውስጡ ቀላል የሆነ ምስል ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ አቋቋሟ ነው። በአራት ቀጭን እግር የቆመች ቀጭኔ ለመኪና መንገድ አትሆንም። እኔ ብሆን እግሯን አጥፋ የተቀመጠች አደርጋታለሁ። ሆዷ ሰፊ መሠረት ይሆናል፣ እግሮቿ ጎንና ጎን ይደግፏታል፣ አንገቷ ብቻ ወደ ላይ ይወጣል። አንገቱም ከላይ እስከ ታች እኩል ቧንቧ አይሁን፤ ከትከሻው ወፍሮ ወደ ራስ እየቀጠነ ይሂድ። ርዝመቱም ቢሆን ከእውነተኛው አጠር ቢል ልጅ አይከሳችሁም። ቀንዶቿና ነጠብጣቧ እስካሉ ድረስ ቀጭኔ መሆኗን ለመለየት ሁለት ዓመት የሞላው ይበቃል።

ፊቷን በተመለከተ የኦስትሪያው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ በ1943 የጻፈው ነገር ለኬክ ሠሪዎች የተጻፈ ይመስላል። ትልቅ ራስ፣ ሰፊ ግንባር፣ ከፊት መሃል ዝቅ ብለው የተቀመጡ ትልልቅ ዓይኖች፣ ወፈር ያለ ጉንጭ፤ እነዚህ ሲገናኙ ሰው ሕፃን ያየ ያህል ልቡ ይራራል ይላል። አንድ ጣት ያህል ዓይኗን ዝቅ አድርጉና እዩት፤ ያው ሊጥ፣ ያው ቀለም፣ ግን ሌላ እንስሳ ናት። ችግሩ ትልቅ ራስ ማለት አንገት ጫፍ ላይ ትልቅ ሸክም ማለት መሆኑ ነው፤ የምታምረው ቀጭኔ ከሁሉ ቀድማ የምትወድቀው ናት። ይህን ነው በአጥንት የምንፈታው።

የሆዷን ውስጥ በራይስ ክሪስፒስ እንሥራው፤ ቁርስ ላይ በወተት የሚበላው የተነፋ ሩዝ ማለቴ ነው። 300 ግራም ገደማ ማርሽማሎው በጥቂት ቅቤ አቅልጣችሁ ወደ 160 ግራም ከሚሆነው ሩዝ ጋር ትለውሱታላችሁ። በ1939 ሚልድረድ ዴይ የተባለች የኬሎግ ኩባንያ ሠራተኛ ከባልደረባዋ ጋር ያወጣችው ጣፋጭ ነው፤ ዛሬ የትልልቅ ኬክ ምስሎች ሆድ ሆኖ ቀረ። ለምስል ሲሆን ቅቤው ይቀነስ፣ ሩዙም በእጅ ተጨቁኖ እስኪጠብቅ ይጠፍጠፍ። ሲቀዘቅዝ በቢላ ይቀረጻል፤ ላዩ ሻካራ ስለሆነ በስስ ቅቤ ክሬም ወይም በቀለጠ ቸኮሌት ተለስኖ ነው ፎንዳንት የሚለብሰው። ካልተለሰነ እያንዳንዱ የሩዝ ፍሬ በላዩ ይነበባል።

ከሆዷ ውስጥ ተነስቶ በአንገቷ መሃል አልፎ ራሷ ውስጥ የሚገባ አንድ ቀጭን የቀርከሃ እንጨት ያስፈልጋል፤ ሥጋ ተሰክቶ የሚጠበስበት ዓይነት። ታችኛው ጫፉ ከሆዷ አልፎ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይትረፍ፤ ኬኩ ላይ የሚተክላት እሱ ነው። ለጆሮ፣ ለቀንድና ለጅራት ግን እንጨት አያሻም፣ ደረቅ ፓስታ ስበሩና ሰኩበት። ስቴኪኒ የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ ለልጅ ልደት አልመክርም። አንድ ልጅ ጆሮዋን ነጥቆ አፉ ውስጥ ሲከት ፓስታው ቢበዛ ቀጭ ይላል፣ ስቴኪኒው ግን ጉሮሮ ይወጋል። የእንጨቱንም ነገር ኬኩን ለሚቆርሰው ሰው ሳትነግሩ አትሂዱ።

አሁን እንቅረጽ። እያንዳንዱ ክፍል ቅርጹ ምንም ይሁን ምን ከኳስ ነው የሚጀምረው። ቁራሹን በሁለት መዳፍ መካከል ጫን ብላችሁ አሽከርክሩት፤ ስንጥቁ ሁሉ ሲዘጋ ብቻ ወደ ቅርጽ እለፉ። ኳሱ ላይ ያለች ስንጥቅ አንገቱ ላይ ሽንትር ሆና ትወጣለች፣ ያኔ ማንም አያድናትም። ኳሱ በአንድ በኩል ሲቀጥን አንገት ይሆናል፣ መሃሉ ሰርጎድ ሲል ራስና አፍንጫ፣ እንባ መስሎ ሲጠፈጠፍ ጆሮ። የማትሠሩበት ሊጥ ፌስታል ውስጥ ይቆይ። አየር ላይ ከተተወ ቆዳው ቀድሞ ይደርቅና ስታጥፉት ጥቃቅን ሽብሽብ ያወጣል፤ ውስጡ ግን ገና ውሃ አለበት። እጃችሁ ላይ ከተጣበቀ የስታርች ዱቄት ከማብዛት ይልቅ ትንሽ ስብ መዳፋችሁን ቀቡ፤ ዱቄቱ ያደርቀዋል፣ ጥቁርና ቡናማ ቀለም ላይም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ማጣበቂያው ያው ሲኤምሲ ነው። የሻይ ማንኪያ ሩብ በ30 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ አሳድሩት፤ ሲነጋ የጠራ ዝልግልግ ነገር ታገኛላችሁ። በብሩሽ ጫፍ ጥቂት ብቻ! ሰው ክፍሉ አልጣበቅ ሲለው ማጣበቂያ ይጨምራል፤ ማጣበቂያው ግን ውሃ ነው፣ ውሃ ስኳር ያሟሟል፣ የሟሟው ስኳር ያንሸራትታል። ጥቂት ቀብታችሁ ግማሽ ደቂቃ ያዙት፣ ይበቃዋል።

ቅደም ተከተሉ ከውበቱ ይበልጣል። መጀመሪያ ሆዷ ለብሶ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ከዚያ አንገቷ በእንጨቱ ላይ ወርዶ፣ ዙሪያው በስፖንጅ ተደግፎ ይደር። ራሷ መጨረሻ ነው፤ እሱም አንገቱ ላይ ከመሰካቱ በፊት ለብቻው ጥቂት ይጠንክር። በአንድ ማታ ሁሉንም ልገጣጥም ያለ ሰው ለስላሳ ነገር በለስላሳ ነገር ላይ ጭኖ ተአምር እየጠበቀ ነው። ለዚህ ነው ልደቱ ሳምንት ሲቀረው መጀመር የሚያስፈልገው።

ምን ያህል ቀን ይደርቃል? መልሱ ከወር ወር ይለያያል። ንጹሕ ስኳር ከአየር ውሃ መጠጣት የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት 85 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። ፎንዳንት ግን ግሉኮስና ግሊሰሪን ስላለበት ከዚያም ባነሰ እርጥበት ይወዛል። አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ የቀጭኔዋ ቆዳ ከእጃችሁ ቀድሞ ይደርቃል፤ ሥጋታችሁ ስንጥቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሦስት ቀን አድራም ጣት ስታስነኳት ትጣበቃለች፤ ያኔ ሲኤምሲው ትንሽ ከፍ፣ ግሊሰሪኑ ዝቅ ይበል፣ ቬንትሌተርም ከሩቅ ይንፈስባት። ጂዳ ወይም ዱባይ በበጋ ለምትሠሩ ወዳጆቻችን ኤሲ ያለበት ክፍል ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። ምድጃ ውስጥ ማድረቅን ግን እርሱት፤ ስኳሩ ይላላል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም እንዲሁ፤ በተለይ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ብርሃን ላይ ይደበዝዛል።

ቀለሙን በጄል ቀለም አድርጉት። ፈሳሹ የጠርሙስ ቀለም ያልጠራናትን ውሃ ይዞ ይመጣል። ቢጫው ቀድሞ ሊጡ ውስጥ ይታሽ፤ አብዛኛው ቀለም በማግስቱ ስለሚደምቅ ከምትፈልጉት ትንሽ ፈዘዝ ሲል አቁሙ። ነጠብጣቧ ክብ አይደለም፤ የተሰነጠቀ መሬት የሚመስል፣ ጠርዙ የተሰባበረ ቡናማ ቁራጭ ነው። ስስ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ቆዳዋ ገና ሳይደርቅ ጫን ጫን አድርጉት። በብሩሽ ልሳል ካላችሁ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፦ ቀለሙን በውሃ ሳይሆን በነጭ አረቄ አቅጥኑት። «ለልጅ ልደት አረቄ?» እንዳትሉኝ፤ አልኮሉ ከውሃ ቀድሞ ይተናል፣ ስኳሩን ሳያሟሟ ቀለሙን ብቻ ትቶ ይሄዳል። አልኮል በቤቱ የማይገባ ሰው ወፍራሙን ጄል ሳያቀጥን በደረቅ ብሩሽ ቢቀባው ይሆናል። ሁሉ ካለቀ በኋላ የቀረ የስታርች ዱቄት ካለ ከማንቆርቆሪያ እንፋሎት ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አሳዩት፤ ነጩ ይጠፋና ቆዳዋ ያበራል። አራት አምስት ሰከንድ ካደረጋችሁት ግን ታለቅሳለች።

ቀጥሎ ኬኩ ራሱ። በአገራችን የሚወደደው ለስላሳ የክሬም ኬክ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ስፖንጁ ይሰምጣል፣ ክሬሙ ደግሞ ውሃ ስላለበት የነካውን ፎንዳንት ከሥር ይበላዋል። ቅቤ ክሬም ይሻላል፣ ስብ ስለሆነ። ደንበኛው ክሬም ካልሆነ ካለ በቀጭኔዋ ሥር ከቸኮሌት ወይም ንጹሕ ፕላስቲክ ከለበሰ ካርቶን ክብ አድርጉ፤ ከክቡ በታች አራት ወፍራም ስትሮዎች እስከ ኬኩ ወለል ይውረዱ። ክብደቷን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ስፖንጁ ቆሞ ያያል። ክቡም መሃል ላይ ለእንጨቱ ቀዳዳ ይኑረው።

ፍሪጅ ትልቁ ወጥመድ ነው። ምስሏን ለብቻዋ ፍሪጅ የሚያስገባ ምንም ምክንያት የለም፤ ካርቶን ውስጥ፣ ክዳኑ ትንሽ ገርበብ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ። የተዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ የራሷን ውሃ መልሶ ያጠጣታል። ኬኩ የግድ ቀዝቅዞ ማደር ካለበት ይደር፤ ቀጭኔዋ ግን በማግስቱ ግብዣው ቦታ ላይ ትውጣበት። አብራው አድራ ከሆነ ከፍሪጅ ሲወጣ ካርቶኑን ወዲያው አትክፈቱ። ሞቃት አየር የሚያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ሁሉ ጤዛ ይቋጥራል፤ ካርቶኑ ከተዘጋ ጤዛው የሚቋጠረው በካርቶኑ ላይ ነው። ክፍሉን ሲለምድ ክፈቱት። በድንገት ላቧ ከወጣ ደግሞ አትጥረጉ፣ አትንኩ፤ ቬንትሌተር ፊት አስቀምጣችሁ ጠብቁ፣ ይመለሳል።

ከድግሱ በኋላ ምን ይሆናል? ይበላል ብለን ስንት ነገር ስንጠነቀቅ ቆየን እንጂ ምስሉን የሚበላው ጥቂት ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባለልደቱ ላስቀምጣት ብሎ ያለቅሳል። ይቻላል። ፎንዳንት ውስጥ ያለችው ጥቂት ውሃ በስኳሩ ስለተያዘች ባክቴሪያና ሻጋታ የሚያድግበት ነገር አያገኝም። የሩዝ ሆድ ያላት ግን ቅቤ ስላለባት ውሎ አድሮ ትሸታለች፤ ለማስታወሻ የሚቀመጠው ራስና አንገቷ ነው። በደንብ ከደረቀች በኋላ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከምታገኟት «አትብሉ» ከተጻፈባት ትንሽ የሲሊካ ከረጢት ጋር፣ ብርሃን ከማይመታት መደርደሪያ ላይ አኑሯት። ክዳኑ በደንብ ይገጠም፤ ጉንዳን እንደ ልጅ አያለቅስም፣ ዝም ብሎ ይበላታል።